የአያ ዳኛው ምስክርነት

ሥራሽ ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ድሮ አፌን ሞልቼ «ኮንተንት ነው የምሠራ» እል ነበር። ደረቴን ነፍቼ! ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ «ቢሮ ነው የምሠራ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ቢሮዋስ ብትሆን ምን ቢሮ ናት፤ ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት በላይ ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት ስልክ። ጎንደር ውስጥ ግን የእኛን ቪዲዮ ሳያይ የሚውል ሰው የለም። ሆቴሉ፣ ሶፋ ቤቱ፣ የጥርስ ክሊኒኩ፣ የሰሊጥ ነጋዴው ሳይቀር ከሳንጃ ድረስ እየመጣ «እኔንም አውጡኝ» ይላል። ቱሪስት ከጠፋ፣ ገበያ ከቀዘቀዘ ወዲህ ሁሉም ደንበኛ ፍለጋ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

አለቃዬ ባምላክ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን እየሰደብሁ እገላገል ነበር። አምና አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሳምንት ሠልጥኖ ተመለሰና «አበቡ፣ ማስታወቂያ ሞቷል» አለኝ። «ሰው ማስታወቂያ መሆኑን ካወቀ ያልፈዋል። ሰው የሚያምነው እንደሱ ያለ ሰው ነው። ካሁን ወዲያ ያማረ የተቀባባ ነገር አንሠራም። ተራ ሰው እናቆማለን፣ በስልክ እንቀርጻለን፣ እናስመሰክራለን። ደግሞ ሦስት ሰከንድ ነው ያለሽ። በሦስት ሰከንድ ልቡን ካልያዝሽው ጣቱን ገፋ አድርጎ ይሄድብሻል።»

እኔ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሁ ነኝ። ሰው ማናገር አውቃለሁ። ሰውዬው ሃያ ደቂቃ የዘበዘበውን ወስጄ ሃያ ሰከንድ አደርገዋለሁ፤ ያችን ሃያ ሰከንድ ያየ ደግሞ ተነሥቶ ሶፋ ይገዛል። ባምላክ «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል። ይባረክ! ምነው ያኔ ደርቆ በቀረ።

አያ ዳኛው የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እናቴን ከዚያ በፊት ነው ያጣኋት። ከዳባት ከፍ ብሎ ባለው አገራችን እሳቸውና ሚስታቸው እትዬ ፈንታዬ አሳደጉኝ። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። አያ ገብስ ዘርተው፣ በግ አርብተው የሚኖሩ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር፣ ሲስቁ አፋቸውን በጋቢ የሚሸፍኑ ሰው ነበሩ። አገር ምድሩ ሲጣላ «ዳኛው ምን አለ?» ብሎ ነው የሚታረቅ። ዋሽተው አያውቁማ! ይህን በደንብ ያዙልኝ።

ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ ቁስቋም ወደተከራየኋት ቤት መጡ። ግራ እግራቸው በሻሽ ተጠቅልሎ በላዩ ካልሲ ገብቶበታል። «ምነው አያ፣ ምን ሆኑ?» ብላቸው «ምን እሆናለሁ፣ ጫማ ልጦኝ ነው» አሉኝ። ጫማ ልጦኝ! ሻሹን ስፈታው ሽታው ከቤት አስወጣኝ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ከሰል መስለዋል። በነጋታው ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ስኳር ነው ተባለ፤ ለስንት ዓመት ሳያውቁት አብሯቸው ኖሯል። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ ቁጭ አድርጎ በቀስታ አስረዳቸው። ሁለቱ ጣቶች ሞተዋል፣ ሰኞ ይቆረጣሉ፣ ከተቆረጡ በእግርዎ ሄደው አገርዎ ይገባሉ አላቸው። ከዘገየ ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ እግርም ነው፣ ነፍስም ነው አለ። ይህን እኔ አጠገባቸው ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አያ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። «ሙሉ ሰው ተፈጥሬ ጎደሎ ሆኜ አፈር ልግባ?» ሁለት ቀን ለመንኋቸው። ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ኋላ ረቡዕ ዕለት «በይ እሺ፣ አንቺ የተማርሽው ካልሽ ይሁን» አሉኝ። እስከ ሰኞ የቀረን አምስት ቀን ነው። ምን ነበር አምስቱን ቀን ቤት ዘግቼባቸው በተቀመጥሁ!

ሐሙስ ዕለት ቢሮ ጭንቅ ነበር። ኪዳነ ማርያም የሚባል ነጋዴ ከማርና ከዕፀዋት የቀመመው የቁስል ቅባት አለው፤ ባምላክ ከሱ ጋር የአንድ ዓመት ውል ሊፈራረም ነው። ውሉ ከተያዘ እኔ የክፍሉ ኃላፊ እሆናለሁ። የምቀመጥበት ወንበር ሳይቀር ተመርጧል። የመጀመሪያው ቪዲዮ ዓርብ መውጣት አለበት፣ ለምስክርነት ያመጣነው ሰውዬ ግን «ይህ ቅባት እጅግ በጣም ውጤታማ ነው» እያለ እንደ ዜና አንባቢ ይገተራል። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ቀረጽነው። ባምላክ ጸጉሩን ሊነጭ ደረሰ።

አያ ቤት ብቻቸውን መዋል ስለጨነቃቸው ያን ቀን አብረውኝ መጥተው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ባምላክ በመስኮት አያቸው።

«ይኼ ፊት ማን ነው?» አለ። ሰው አላለም፣ ፊት አለ።

«አጎቴ ናቸው። እግራቸውን ታመው...»

«እግራቸውን?» ዓይኑ በራ። «አበቡ፣ እግዜር ነው ያመጣልን!»

እንቢ አላልሁም። ትንሽ ተግደረደርሁ እንጂ እንቢ አላልሁም። ባምላክ «እኛ ይህን በሉ አንላቸውም፤ እንዴት ነዎት ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ የመለሱትን እንቀርጻለን፣ በቃ» አለኝ። አሪፍ ነው! እኔ የአገሬን ሰው አላውቅም? እኛ ዘንድ ሰው አልጋ ይዞ፣ ነፍሱ አፍንጫው ሥር ደርሳ እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚል። ሌላ ማለት ፈጣሪን ማማረር ነው፣ ጠያቂውንም ማስጨነቅ ነው። እውነተኛው ነገር የሚወጣው ምስጋናው ካለቀ በኋላ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ይህን ባምላክም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ከሻሹ ላይ ቅባቱን ቀባ አደረግንላቸው። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የቁስል መድኃኒት ነው አያ» አልኋቸው። ስልኬን አቅንቼ «አያ ዳኛው፣ እንዴት ነዎት?» አልሁ። ሰው ፊት ስለሆነ ከተቀመጡበት ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! ምን እሆናለሁ፣ ይኸው በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ሸጋ ነኝ።»

«እግርዎስ?»

«እግሬም ተመስገን ነው። ከክፉ ያወጣኝ አምላክ ይመስገን። እናንተንም እግዜር ይስጣችሁ።» አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ቁጭ አሉና ድምፃቸው ወረደ። «እንጃ አበቡ። ሌሊት ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ሰኞ ሊቆርጡት ነው፤ እኔስ ፈራሁ። አንቺ አጠገቤ ሁኚ።»

ስልኩ ይህን ሁሉ ይዞታል። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ምስጋናውን ወሰድሁ፣ ሳቁን ወሰድሁ፣ የቀረውን አስቀረሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ሆነ። ከላይ የሚውለውን ጽሑፍ ባምላክ «አንቺው ጻፊው» አለኝ፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሊቆረጥ የነበረ እግር ዳነ!» ብዬ ጻፍሁ። ማንም አላስገደደኝም። ለራሴ ያልሁት ይህን ነው፦ ሰኞ ሐኪሙ ይቆርጥላቸዋል፣ ይድናሉ፣ ያን ጊዜ የጻፍሁት እውነት ይሆናል። አይ እኔ! አይ ተምሬ ሞቼ!

ዓርብ ጧት ለቀቅነው። ቅዳሜ ጎንደርን አዳርሶ ባሕር ዳር ገብቷል። ባምላክ ቁጥሩን እያየ ይዘላል። ኪዳነ ማርያም ቅባቱ አልቆበት ጠርሙስ ፍለጋ እስከ ጠዳ ሰው ላከ። ከሥሩ የተጻፈው «እሰይ አባቴ»፣ «የእግዚአብሔር ሥራ ድንቅ ነው»፣ «እኚህ ሰው ፊታቸው ላይ ውሸት የለም» ነው። ይኼኛውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ አፈር ልብላ፣ ደስ አለኝ።

የማይደርስበት የለምና አገራችንም ደረሰ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት የአያ ስልክ «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ» በሚል ሰው ተጨናነቀ። እትዬ ፈንታዬ ከጎረቤት ስልክ ላይ አይታ እልልታዋን አቀለጠችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ በዓውደ ምሕረቱ ቆመው የአያን ስም ጠርተው፣ ይቆረጥ የተባለ እግር ድኗልና አመስግኑ አሉ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። እትዬ ፈንታዬ የምስጋና ዳቦ ቆርሳ ለምእመኑ አበላች። ያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሦስት ሽማግሎች ሚኒባስ ተሳፍረው ቁስቋም ቤቴ ከች አሉ። ደስታውን ሊካፈሉ! አያ ዳኛው ደግሞ እንግዳ ተቀምጠው አይቀበሉም። ተነሡ፣ ቆመው ተሳሳሙ፣ ቆመው አስተናገዱ። ሲሄዱም «ይቅርብዎ» እያልሁ ስለምናቸው እስከ መኪና መንገድ በእግራቸው ሸኟቸው። ሲመለሱ ካልሲያቸው ርሶ ነበር።

ሰኞ ጧት ለባብሼ «አያ፣ እንነሣ» አልኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ወዴት?»

«ሆስፒታል ነዋ! ሰኞ እኮ ነው ዛሬ።»

«አልሄድም።»

«እንዴ! ምነው?»

«በምን ዓይኔ አበቡ? ቄሱ ስሜን ጠርተው፣ አገር አጨብጭቦ፣ ፈንታዬ የምስጋና ዳቦ አብልታ፣ እኔ ጣቴን አስቆርጬ እያነከስሁ ልግባ? ዳኛው በእግዜር ቀለደ አይሉኝም?»

«ይበሉ! ያሻቸውን ይበሉ! ነፍስዎ አይበልጥም?»

እግራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉ። ከዚያ ደግሞ በልመና ድምፅ «መድኃኒቱስ ቢሆን ምን ይታወቃል» አሉ። «ጽሑፉን ሽማግሎቹ አነበቡልኝ። ሊቆረጥ የነበረ እግር ዳነ ይላል አሉ። ማን ጻፈው ብላቸው ያንተዋ አበቡ ናት እንጂ ሌላ ማን ይጽፋል አሉኝ። አንቺ የማታውቂውን ነገር ለአገር ታወሪያለሽ?»

የሚበላኝ ይኼ ነው። ቪዲዮው አይደለም፣ ጽሑፉም አይደለም፣ ይህችው ጧት ናት። «ዋሽቻለሁ አያ» ብል አለቀ። ተነሥተው ይሄዱ ነበር፣ አውቃለሁ፤ ተቆጥተው፣ ረግመውኝም ቢሆን ይሄዱ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ግን ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስሁ። ባሳደገኝ ሰው ፊት ውሸታም መሆን አሳፈረኝ። «ማስታወቂያ ሲሆን እኮ ትንሽ ይጋነናል...» ብዬ አጉተመተምሁ። «ቢጋነንም ከምንም ተነሥታችሁ አትጽፉም» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቢሮ ሮጥሁ። «አውርደው!» አልሁት ባምላክን። «ሰውዬው አልታከምም አሉ፣ ሊሞቱብኝ ነው!» ደነገጠ፣ አልዋሽም፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ውሉ የሚፈረመው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

«እስቲ ተረጋጊ አበቡ። እኛ መቼ አስገደድናቸው? ተመስገን ያሉት ራሳቸው ናቸው።»

«ጽሑፉስ?»

ማን እንደጻፈው ሁለታችንም እናውቃለን። «ውሉ ይፈረምና ነገ እናወርደዋለን» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ኪዳነ ማርያም መጥቶ ፈረመ፤ ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። በነጋታው ማንም ምንም አላወረደም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ አያ አገራቸው ገቡ። ኪዳነ ማርያም «ለአባታችን ስጦታ» ብሎ አንድ ካርቶን ቅባት ላከላቸው፤ ካርቶኑን መናኸሪያ ድረስ የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እደውላለሁ። «እንዴት ነዎት አያ?» «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» ሌላ ምን ይበሉኝ? በሦስተኛው ሳምንት ስልኩን ያነሣችው እትዬ ፈንታዬ ናት። ትኩሳት ይዟቸው ሰው መለየት ትተዋል። እግራቸውን ለሷም አላሳይም ብለው፣ መደብ ላይ ለብቻቸው እየተኙ፣ ሽታውን «ቅባቱ ነው» ሲሏት ከርመው፣ ያን ዕለት ገልጣ አይታዋለች። እስከ ጉልበት ወጥቷል። መኪና ተፈልጎ ወደ ጎንደር ይዘዋቸው ሲመጡ አምባ ጊዮርጊስን ሳያልፉ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። እትዬ ፈንታዬ እንደ ባልቴቱ ሁሉ ወየው ወየው አትልም። ትቆጣለች። «ምነው ዳኛው! ምነው ዋሸኸኝ! ሠላሳ አምስት ዓመት ሳትዋሸኝ ኖረህ ልትሄድ ስትል ዋሸኸኝ! ለዓለሙ ሁሉ ድኛለሁ አልህ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ብትነግረኝ ምን ነበር!» ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሎቹ ይንሾካሾካሉ። ያልተደረገለትን ተደረገልኝ ብሎ መስክሮ፣ እግዜር ተቆጣው ነው የሚሉት። ቄሱ ሳይቀሩ «እኔንም በቤተ መቅደሱ ፊት አስዋሸኝ» ብለው ሲያዝኑ ሰማሁ። አገር የሚታረቅበት ሰው ሞቶ ውሸታም ሆነ። እኔን ግን ሁሉም እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ፣ እንደ አባት ነበረሽ» ይለኛል፣ ግንባሬን ይስመኛል። አሜን እላለሁ።

ሁለት ቀን እንዲህ ቻልሁ። በሰልስቱ ጧት ግን እትዬ ፈንታዬ እንደገና «ምነው ዋሸኸኝ» ብላ ስትጀምር አልቻልሁም። አጠገቧ ሄጄ ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ አያ አልዋሹሽም።»

«ተይኝ ልጄ።»

«አልዋሹሽም። ስሚ።»

ሳይቆረጥ የተቀረጸው ሙሉው ቪዲዮ ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ልሰርዘው ስንት ጊዜ ጣቴን አንስቼ አልሆነልኝም። ከፍቼ ጆሮዋ ላይ አደረግሁት። ምስጋናውን ሰማች፣ ሳቃቸውን ሰማች፣ ፈገግ ልትል ሁሉ ቃጣት። ቀጥሎ «እኔስ ፈራሁ» ሲሉ እጄን ከነስልኩ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

«ይህን መቼ ነው ያለው?»

«ያን ዕለት። ከምስጋናው ጋር።»

«ታዲያ እኛ ያየነው ላይ የታለ?»

«እኔ አስቀረሁት።»

«ለምን?»

«ሥራ... ሥራ ነው እትዬ» አልሁ። ስናገረው ለራሴ ቀፈፈኝ።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በመታችኝ! እሷ ግን ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣችና ድንኳኑ መሃል ቆመች። «ስሙ! ዳኛው አልዋሸም! እውነቱን ተናግሮ ነበር፣ ስሙት!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ደርቋል። «ዙሪና ለእያንዳንዱ አሰሚ። አንድ ሰው እንዳይቀርብኝ።»

ዞርሁ። ለቄሱ አሰማሁ፣ ቁስቋም ለመጡት ለሦስቱ ሽማግሎች አሰማሁ፣ ለሴቶቹ አሰማሁ። እየጎነበስሁ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እየያዝሁ። ለመቶ ሺህ ሰው ቪዲዮ አሳይቻለሁ፤ የሚሰማውን ሰው ፊት እያየሁ ግን አሳይቼ አላውቅም ነበር። አንዳንዱ ሰምቶ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዳንዱ «ወይ ዳኛው» ብሎ ያለቅሳል። ሰምተው ሲጨርሱ ሁሉም ቀና ብለው እኔን ያዩኛል። ክፉ ቃል የተናገረኝ አንድም ሰው የለም።

መጨረሻ ላይ ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት አያ ተክለ ጊዮርጊስ ቀሩ። የአያ ዳኛው የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ስልኩን ያዝሁላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ ጫፉ ሰሙ፤ አያ «አጠገቤ ሁኚ» ካሉ በኋላ «እሺ አያ፣ ይበቃል ይበቃል፣ ሸጋ ሆኗል» የሚል የሴት ድምፅ ይመጣና ይቋረጣል።

«እሱስ ዳኛው ነው፣ አወቅሁት» አሉ። እጃቸውን ሰድደው ክንዴን ያዙኝ። «ይቺ ይበቃል የምትለዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።